ትልቁና ትንሹ ካሜራ፤ በኢትኖሎጂ ጥናት የፎቶግራፍ መሣሪያ ምርጫ ታሪክ

ፎቶግራፍ ማንሻ መሣሪያ መምረጥ ለብዙው ሰው የዋጋና የምቾት ጉዳይ ነው። የሕዝብን ኑሮና ልማድ ለሚመረምር ሰው ግን ነገሩ ከዚህ ያልፋል፤ ከሕዝቡ ኑሮ የትኛው ክፍል በምስል ተመዝግቦ ለመጪው ትውልድ እንደሚደርስ፥ የትኛውም ሳይመዘገብ እንደሚያልፍ ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ በእጁ የያዘው መሣሪያ ነውና። በ2003 እና በ2012 መካከል በነበሩት ዓመታት፥ ጥቂት ገንዘብ ቋጥሮ ለጥናት ወደ ገጠር የሚወጣ ተማሪ በፊቱ ሁለት መንገድ ነበረው። አንደኛው ለጀማሪ ገዢ ተብሎ የተሠራውን፥ ሌንሱ የሚፈታውንና ዲኤስኤልአር የሚባለውን ካሜራ መግዛት ነው። ሁለተኛው በኪስ የሚያዘውን፥ ሌንሱ ከአካሉ የማይለየውን ትንሽ ዲጂታል ካሜራ መግዛት ነው። ሁለቱን ባንድነት መግዛት ለጥቂቶች ካልሆነ በቀር የሚቻል አልነበረም።

የጊዜው ነጋዴ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነበር፤ ጥራት የሚፈልግ ትልቁን፥ ቅለት የሚፈልግ ትንሹን ይግዛ የሚል ነው። ይህ መልስ ሐሰት ባይሆንም ጎደሎ ነው። በምርምር ሥራ የአንድ ምስል ጥራት የሚለካው በመልኩ ጥርት ማለት ብቻ ሳይሆን፥ ለተጠየቀው ጥያቄ ምስክር ሊሆን በመቻሉ ነው። ከዚህም በላይ ጥያቄው የዲጂታል ዘመን ፈጠራ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በላይ በየጊዜው መልኩን እየለወጠ ሲመለስ ኖሯል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የትልቁና የትንሹ ካሜራ ታሪክ በአጭሩ ይቀርባል፤ ከዚያም ሁለቱ ዲጂታል መሣሪያዎች በምርምር ሥራ ሚዛን ይመዘናሉ፤ በመጨረሻም ምርጫው በምስል ማኅደር ላይ የሚተወው ምልክት ይመረመራል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፩፤ ካሜራ በበቅሎ ሲጫን

ፎቶግራፍ በ1839 በፓሪስ በይፋ ሲገለጽ መሣሪያው ከባድ ሣጥን ነበረ፤ አንድ ምስል ለማንሣትም ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። በ1851 ፍሬድሪክ ስኮት አርቸር የተባለው እንግሊዛዊ የእርጥብ ሰሌዳን ዘዴ ባወጣ ጊዜ፥ ምስሉን ለመቀበል የሚያስፈልገው ጊዜ ወደ ሴኮንዶች አጠረ፤ ሥራው ግን ይልቁንም ከበደ። የብርጭቆው ሰሌዳ በኮሎዲዮን ተቀብቶና በብር ጨው ተነክሮ፥ ሳይደርቅ ወደ ካሜራው መግባት፥ ሳይደርቅም በመድኃኒት መታጠብ ነበረበት። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ከካሜራው ሌላ ጨለማ ድንኳን፥ የመድኃኒት ጠርሙስ፥ ንጹሕ ውሃና የብርጭቆ ሣጥን ማስከተል ግድ ሆነበት።

በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ እስከ መቅደላ ሲዘልቅ፥ የመሐንዲሶቹ ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎችን ከነዕቃቸው ይዞ ነበር። በዚያ ዘመቻ ከተነሡት ምስሎች ውስጥ ጐልተው የሚታዩት የጦር ሰፈሮች፥ ተራሮች፥ አምባዎችና ተሰልፈው የቆሙ ወይም የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ለዚህ ምክንያቱ የፎቶግራፍ አንሺዎቹ ፍላጎት ብቻ አይደለም። በእንስሳት ጀርባ ተጭኖ የመጣ፥ በሦስት እግር የቆመና ለእያንዳንዱ ምስል አዲስ ሰሌዳ የሚዘጋጅለት መሣሪያ የቆመውን እንጂ የሚንቀሳቀሰውን ሊይዝ አይችልም። ሰውም በዚህ መሣሪያ ፊት ሲቀርብ እንደ ተራራው መቆም ነበረበት።

ከ1871 ወዲህ የደረቅ ሰሌዳ ዘዴ እየተስፋፋ በመሄዱ የጨለማው ድንኳን ከጓዙ ቀነሰ፤ ትልቁ ካሜራ ግን ሥራውን አልተወም። በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ጥናት ቡድን ይህን ያስረዳል። የሕንፃ ባለሙያው ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ከቡድኑ ጋር ሆኖ ካነሣቸው ምስሎች ብዙዎቹ በ1913 በታተሙት አራት ቅጾች ውስጥ ይገኛሉ። ሰፊው የብርጭቆ ሰሌዳ የሐውልቱን ቅርጽ፥ የድንጋዩን አጠራረብና የግንቡን አሠራር በዝርዝር ይዞ አቆይቷል፤ የጥንት ታሪክ ተመራማሪዎችም ዛሬ ድረስ ይጠቀሙበታል። የማይንቀሳቀስ ነገር በማይንቀሳቀስ መሣሪያ ሲነሣ መሣሪያውና ሥራው ይስማማሉ።

በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአዲስ አበባ ለቤተ መንግሥቱ የሠሩት የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያንና ከእርሱ በኋላ ልጆቹ ያነሷቸው ምስሎችም ከዚሁ ወገን ናቸው። በነዚህ ምስሎች ላይ የሚታየው ሰው ልብሱን አስተካክሎ፥ እንደ ማዕረጉ ተቀምጦ፥ መታየት የሚፈልገውን መልክ ይዞ የቀረበ ሰው ነው። ይህ በራሱ ታላቅ ማስረጃ ነው፤ ማስረጃነቱ ግን ስለ ክብርና ስለ ማዕረግ ነው እንጂ ስለ ዕለታዊ ኑሮ አይደለም።

፪፤ የትንሹ ካሜራ መምጣት

በ1888 ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የተባለውን ትንሽ ካሜራ በ25 ዶላር ለገበያ አቀረበ። ካሜራው 100 ምስል የሚይዝ ጥቅል ፊልም ተጭኖበት ይሸጥ ነበር፤ ፊልሙ ሲያልቅ ገዢው ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልካል፤ ፋብሪካውም ምስሎቹን አጥቦ፥ አዲስ ፊልም ጨምሮ ይመልስለታል። በ1900 ደግሞ ብራውኒ የተባለው የካርቶን ካሜራ በ1 ዶላር ተሸጠ። ከዚህ በኋላ ፎቶግራፍ የባለሙያ ብቻ መሆኑ ቀረ። የሠለጠኑት ፎቶግራፍ አንሺዎች ግን ይህን መሣሪያ እንደ መጫወቻ ቆጠሩት፤ ምስሉ ትንሽ፥ ሌንሱም ተራ ስለ ነበረ ፍርዳቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ትንሹን ካሜራ ለቁም ነገር ያበቃው ሌይካ ነው። ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ ለሲኒማ የተሠራውን ፊልም ወስዶ፥ 24 በ36 ሚሊሜትር የሆነ ምስል የሚያነሣ ትንሽ ካሜራ አበጀ፤ ይህም መሣሪያ በ1925 በላይፕሲግ የንግድ ትርኢት ለሕዝብ ታየ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ኔጋቲቩ ትንሽ ይሁን፥ ሌንሱ እጅግ ጥሩ ይሁን፥ ምስሉም በኋላ ይጉላ የሚል ነው። በዚህ ምክንያት በአንድ ጥቅል ፊልም 36 ምስል ማንሣትና በእጅ ይዞ መዘዋወር ተቻለ።

በኢትኖሎጂ ታሪክ ውስጥ የዚህ መሣሪያ ፍሬ ከታየባቸው ሥራዎች ዋነኛው ማርጋሬት ሚድና ግሪጎሪ ቤትሰን ከ1936 ጀምሮ በባሊ ደሴት ያካሄዱት ጥናት ነው። ሁለቱ ተመራማሪዎች ሲነሡ ያሰቡት 2,000 ያህል ምስል ለማንሣት ነበር፤ ሥራቸውን ሲፈጽሙ ግን ያነሡት 25,000 ያህል ደረሰ። ቤትሰን በሌይካው ሲያነሣ ሚድ የሚሆነውን ከነሰዓቱ ትጽፍ ነበር። በ1942 ባሳተሙት መጽሐፍ ከዚህ ሁሉ 759 ምስሎችን መርጠው አወጡ። እናት ልጇን እንዴት እንደምትይዝ፥ ልጁም በምን ቅደም ተከተል እንደሚቈጣና እንደሚረጋ በተከታታይ ምስል ታየ። ይህን የመሰለ ጥናት በብርጭቆ ሰሌዳ ሊታሰብ አይችልም ነበር። በትልቁ ካሜራ ዘመን ተመራማሪው አንድ ምስል ከማንሣቱ በፊት ምን እንደሚፈልግ ማወቅ ነበረበት፤ በትንሹ ካሜራ ግን አስቀድሞ ብዙ ማንሣትና የነገሩን ትርጉም በኋላ መመርመር ተቻለ።

ይሁን እንጂ ትንሹ ካሜራ አዲስ ችግርም አመጣ። ቤትሰን ተነሺው በዚያች ሰዓት መነሣቱን አይወድም ብሎ በገመተ ጊዜ ወደ ጎን በሚያሳይ ማያ ይጠቀም እንደ ነበር በመጽሐፉ ገልጿል፤ ይኸውም ወደ ሌላ የሚመለከት መስሎ ያነሣ ነበር ማለት ነው። ትልቁ ካሜራ የተነሺውን ፈቃድ ሳያገኝ ሊሠራ አይችልም ነበር፤ ያ ሣጥን በፊቱ ቆሞ ሳያይ የሚቀር ሰው የለምና። ትንሹ ካሜራ ግን ፈቃድን በመሣሪያው ግዴታ ሳይሆን በተመራማሪው ሕሊና ላይ ጣለው።

፫፤ መስተዋት ያለው ካሜራ

ሌይካና እርሱን የመሰሉት ካሜራዎች አንድ ጉድለት ነበረባቸው። ዓይን የሚያየው በአንድ መስኮት፥ ሌንሱ የሚያየው በሌላ ስለ ሆነ፥ ወደ ነገሩ በጣም ሲቀርቡ የታየውና የተነሣው አይገጥሙም። የብራና ገጽ፥ የሸማኔ ጥለት ወይም የመስቀል ጌጥ በቅርብ ለማንሣት ለሚፈልግ ሰው ይህ ቀላል ችግር አልነበረም። መፍትሔው በሌንሱ የገባውን ብርሃን በመስተዋት አንጸባርቆ ወደ ዓይን መምራት ነው፤ መዝጊያው ሲከፈት መስተዋቱ ይነሣል፥ ብርሃኑም ወደ ፊልሙ ያልፋል። በ1936 በድሬስደን የተሠራው ኪነ ኤክሳክታ ይህን አሠራር ወደ ትንሹ ፊልም አመጣው። በ1949 የወጣው ኮንታክስ ኤስ ፕሪዝም ስለ ተጨመረበት ተመልካቹ ካሜራውን በዓይኑ ትክክል ይዞ ምስሉን ቀጥ ብሎ ለማየት ቻለ። በ1959 ኒኮን ኤፍ ከጃፓን በወጣ ጊዜም ይህ ዓይነት ካሜራ በጋዜጠኞችና በተመራማሪዎች እጅ ገባ።

ስለዚህ ቀድሞ ትልቅ የነበረው የሰሌዳ ካሜራ ወደ ኋላ ሲቀር፥ ትንሹ ካሜራ ራሱ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ መስተዋትና ፕሪዝም ያለው፥ ሌንሱ የሚለወጥ፥ ከበድ ያለ ሆነ፤ ሌላው ያለ መስተዋት የተሠራ፥ ቀጭንና ዝምተኛ ሆነ። ከዚህ የተረፈው የቃላት ልማድ ብዙ ሰዎችን ያሳስታል። በ1950 ዓመታት «ትንሽ» ይባል የነበረው መሣሪያ በ2000 ዓመታት «ትልቅ» ተባለ። ትልቅነትና ትንሽነት በመሣሪያው ባሕርይ የተጻፈ ነገር ሳይሆን፥ በዘመኑ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር የሚሰጥ ስም ነው።

፬፤ ፊልም ሲቀር

በ1969 ዊላርድ ቦይልና ጆርጅ ስሚዝ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ሲሲዲ የተባለውን፥ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ የሚያገለግል ክፍል አሰቡ። በ1975 በኮዳክ ኩባንያ የሚሠራው ስቲቨን ሳሶን ይህን ክፍል ተጠቅሞ 3.6 ኪሎግራም የሚመዝን ካሜራ ሠራ። ምስሉ 0.01 ሜጋፒክስል ብቻ ነበረ፤ አንዱን ምስል በካሴት ላይ ለመጻፍም 23 ሴኮንድ ይፈጅ ነበር። በ1991 ይኸው ኩባንያ በኒኮን ኤፍ 3 አካል ላይ 1.3 ሜጋፒክስል የሆነ ሴንሰር ገጥሞ ሸጠ፤ ምስሎቹ የሚከማቹበት ሣጥን ግን በትከሻ የሚንጠለጠል የተለየ ዕቃ ነበረ፤ ዋጋውም ከጥቂት ታላላቅ የዜና ድርጅቶች በቀር ማንም የማይደፍረው ነበር። ጓዝ የሚያስከትል ካሜራ በአዲስ መልክ ተመለሰ ለማለት ይቻላል።

በ1995 ካሲዮ ኩባንያ ኪውቪ 10 የተባለውን ትንሽ ዲጂታል ካሜራ አወጣ። ምስሉ ደካማ ቢሆንም በጀርባው የተነሣውን ምስል ወዲያው የሚያሳይ መስኮት ነበረው። ይህ መስኮት በኢትኖሎጂ ሥራ ውስጥ ያለውን ዋጋ ብዙዎች ዘግይተው ተረዱት፤ ተነሺው ምስሉን እዚያው አይቶ፥ ይሁን ወይም ይጥፋ ለማለት ቻለ። በፊልም ዘመን ተመራማሪው ምስሉን ይዞ ይሄድ ነበር፤ የተነሣው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ሳያየው ይቀር ነበር።

በ2003 ካኖን ኩባንያ ኢኦኤስ 300ዲ የተባለውን ባለ 6.3 ሜጋፒክስል ዲኤስኤልአር በአሜሪካ ገበያ ከነሌንሱ በ999 ዶላር አወጣ። ከዚያ በፊት ይህን የመሰለ መሣሪያ የባለሙያ ዕቃ ነበር። በተከታዩ ዓመት ኒኮን ዲ70ን አቀረበ፤ ሌሎችም ተከተሉ። በዚያው ጊዜ የኪስ ካሜራ በጥቂት መቶ ዶላር ይገኝ ነበር። የተማሪው ጥያቄ በእውነት ጥያቄ የሆነው ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ነው።

፭፤ ሁለቱ በሚዛን

የመጀመሪያው ሚዛን ብርሃን ነው። የ300ዲ ሴንሰር ስፋቱ 22.7 በ15.1 ሚሊሜትር ነበረ፤ በጊዜው ብዙ የኪስ ካሜራዎች ይጠቀሙበት የነበረው ሴንሰር ግን 5.8 በ4.3 ሚሊሜትር ያህል ነው። ልዩነቱ በስፋት ወደ 14 እጥፍ ይደርሳል። ሰፊው ሴንሰር ብዙ ብርሃን ስለሚሰበስብ በጨለማ ቦታ የተነሣው ምስል ያነሰ ነቍጥ ይታይበታል። ከዓለት በተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፥ ሥዕሉን እንዳይጎዳ ፍላሽ በማይፈቀድበት ቦታ፥ ወይም በምሽት ማኅሌት ጊዜ ይህ ልዩነት በማያሻማ ሁኔታ ለትልቁ ካሜራ ይፈርዳል። ነገር ግን ከጀማሪው ካሜራ ጋር የሚሸጠው ተራ ሌንስ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ አይደለም፤ የኪስ ካሜራው ሌንስ ብዙ ጊዜ ከእርሱ ይበልጥ ይከፈታል። ስለዚህ በመጽሔት ላይ የታየው ብልጫ በገዢው እጅ ሲገባ በከፊል ይቀንስ ነበር፤ የተሻለ ሌንስ ለመጨመርም ሌላ ገንዘብ ያስፈልግ ነበር።

ሁለተኛው ሚዛን የምስሉ ጥልቀት ነው። ሰፊ ሴንሰር ያለው ካሜራ በቅርብ ያለውን ሰው አጥርቶ ከኋላው ያለውን ማደብዘዝ ይችላል። ይህ ለመልክ ፎቶግራፍ እንደ ውበት ይቈጠራል፤ ለኢትኖሎጂ ግን ማስረጃ ማጥፋት ሊሆን ይችላል። ሸማግሌው ሲናገር ከኋላው የተቀመጡት እነማን እንደ ሆኑ፥ ከሴቶቹ ማን ወደ ፊት ማን ወደ ኋላ እንደ ተቀመጠ፥ በግድግዳው ላይ ምን እንደ ተሰቀለ የሚታየው ሁሉም ጥርት ብሎ ሲወጣ ነው። በትንሽነቱ የሚናቀው የኪስ ካሜራ ሴንሰር በዚህ ረገድ ከቅርብ እስከ ሩቅ ያለውን ባንድነት አጥርቶ በመያዙ ለተመራማሪው ይመቸዋል። በትልቁ ካሜራም የሌንሱን ቀዳዳ በማጥበብ ይኸው ሊገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግን በብርሃን ያገኘው ብልጫ ተመልሶ ይጠፋል።

ሦስተኛው ሚዛን ጊዜ ነው። በዚያ ዘመን ብዙ የኪስ ካሜራዎች ቍልፉ ከተጫነ በኋላ ምስሉን ከማንሣታቸው በፊት በግልጽ የሚሰማ መዘግየት ነበረባቸው። ጎረምሶች ሲዘሉ ወይም እህል በመንሽ ሲበተን ለማንሣት የሚፈልግ ሰው ዝላዩ ካለፈ በኋላ ያነሣ ነበር። ዲኤስኤልአር ግን ወዲያው ይታዘዝ ነበር። በአንጻሩ የኪስ ካሜራው ከምስል ሌላ አጭር ተንቀሳቃሽ ሥዕልን ከነድምፁ ይይዝ ነበር፤ ዲኤስኤልአሮች ይህን ችሎታ ያገኙት ከ2008 በኒኮን ዲ90 ጀምሮ ነው። ዘፈንን ወይም ሙሾን ለሚያጠና ሰው ተንቀሳቃሽ ሥዕል ያለ ድምፅ ከሚቆመው ጥርት ያለ ምስል ይበልጥ ሊጠቅም ይችላል።

አራተኛው ሚዛን የመንገዱ ፈተና ነው። ሌንሱ የሚፈታ ካሜራ በአቧራማ ቦታ ሲፈታ አቧራው ሴንሰሩ ላይ ያርፋል፤ በያንዳንዱም ምስል ላይ እንደ ጥቁር ነጥብ ይታያል። የኪስ ካሜራው አካል የማይከፈት በመሆኑ ከዚህ ችግር ይጠበቃል። ከነዚህም መካከል በየሱቁ በሚገኝ ባትሪ ድንጋይ የሚሠሩ ስለ ነበሩ የኤሌክትሪክ መብራት ባልደረሰበት ቦታ ታላቅ ጥቅም ሰጥተዋል። በሌላ በኩል ዲኤስኤልአሩ በሴንሰሩ ላይ ያረፈውን ብርሃን ሳይቀንስ የሚያስቀምጥበት ጥሬ ፋይል ነበረው፤ አብዛኞቹ የኪስ ካሜራዎች ግን ምስሉን ጨምቀው ብቻ ያስቀምጡ ነበር። ለብዙ ዘመን ተጠብቆ እንዲኖር ለታሰበ ምስል ጥሬው ፋይል ከሁሉ ይመረጣል።

አምስተኛውና በቍጥር የማይለካው ሚዛን ሰው ነው። ምጣድ ላይ የተቀመጠች እመቤት ትልቅ ካሜራ ወደ እርሷ ሲዞር ሥራዋን ትታ ነጭ ልብሷን ልትለብስ ብትነሣ የሚያስደንቅ አይደለም። ዲኤስኤልአር የያዘ ሰው ጋዜጠኛ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ይመስላል፤ መሣሪያውንም ፊቱ ላይ ስለሚይዝ ዓይኑ አይታይም፤ መስተዋቱ ሲነሣ የሚያሰማውም ድምፅ በጸሎት ወይም በለቅሶ መካከል ይሰማል። የኪስ ካሜራ የያዘ ሰው ግን በጀርባው መስኮት እያየ ከሰዎቹ ጋር ለመነጋገር ይችላል። ይህም ሲሆን ነገሩ በአንድ ወገን ብቻ አይታይም። ትልቅ ካሜራ አንዳንድ ጊዜ ለተነሺው የክብር ምልክት ነው፤ በትንሽ ዕቃ መነሣትን እንደ መናቅ የሚቈጥር ሽማግሌም ይኖራል።

፮፤ ምርጫውና ማኅደሩ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ለሁሉ አንድ አይደለም፤ በሥራው ዓይነት ይከፈላል። በኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ታሪክ ትልቁን ካሜራ የሚደግፍ ግልጽ ምሳሌ አለ። ከ1973 ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሡት የኢትዮጵያ ብራናዎች ከ9,000 በላይ ናቸው፤ የነዚህም ቅጂ በአሜሪካ በሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ከ2009 ወዲህ በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ይመራ የነበረው ኢትዮ ስፓሬ የተባለው የምርምር ሥራ በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኙትን ብራናዎች በዲጂታል ካሜራ አነሣ። የብራና ገጽ አይንቀሳቀስም፤ የሚጠይቀው ትክክለኛ ቀለም፥ የማይዛነፍ ጠርዝና የፋቀውን ፊደል የሚያሳይ ዝርዝር ነው። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነት በዚያው ክፍል በቅርሶች ላይ ጉዳት ደርሷልና የነዚህ ምስሎች ዋጋ ቀድሞ ከታሰበው በላይ ሆኗል። ብራናን፥ የግድግዳ ሥዕልን፥ ሕንፃንና የእጅ ሥራን ለሚያጠና ተማሪ፥ ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ መሣሪያ ብቻ ከሆነ፥ ዲኤስኤልአሩና ጠንካራ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ትክክለኛው ምርጫ ነበሩ።

ደቦን፥ ገበያን፥ ዕድርን፥ የልጆችን ጨዋታና የቤት ውስጥ ሥራን ለሚያጠና ሰው ግን ፍርዱ ይገለበጣል። በነዚህ ቦታዎች የሚጠፋው የገጹ ጠርዝ ሳይሆን ጊዜውና የሰዎቹ ተፈጥሯዊ ሁኔታ ነው። ከሰዎቹ ጋር ዕለት ዕለት የሚውል የኪስ ካሜራ፥ ከባድ ነው ተብሎ በሣጥን ከቀረው ዲኤስኤልአር የተሻለ ምስክር ነው። ብዙ ተማሪዎች ትልቁን ገዝተው የበዓሉን ቀን ብቻ አንሥተዋል ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። እንዲህ ከሆነ በማኅደር የሚገኘው ሕዝብ ሁልጊዜ ነጭ ለብሶ የሚያከብር፥ የሚያርስበትና የሚፈጭበት ቀን የሌለው ሕዝብ ይሆናል።

ምርጫው በምስሉ ላይ ምልክቱን ይተዋል ከተባለ፥ ይህ ምልክት ለሚቀጥለው ተመራማሪ መገለጽ አለበት። ሚድና ቤትሰን ለሥራቸው ዘላቂ ዋጋ የሰጡት በምስሎቹ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ምስሉ መቼ፥ በምን ሁኔታና በምን መሣሪያ እንደ ተነሣ ስለ ጻፉ፥ ተነሺው ባላወቀ ጊዜ እንኳ በምን ዘዴ እንደ ተነሣ ስላልደበቁ ነው። ዲጂታል ካሜራ የመሣሪያውን ስምና ሰዓቱን በፋይሉ ውስጥ በራሱ ይጽፋል፤ ሰዓቱ በትክክል ካልተሞላ ግን ይህ ጽሑፍ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። የተነሺውን ስም፥ የሰጠውን ፈቃድና የሚሠራው ሥራ በሕዝቡ ቋንቋ ምን እንደሚባል ግን የትኛውም ካሜራ አይጽፍም፤ ይህ የተመራማሪው ድርሻ ነው።

ሁለቱ መሣሪያዎች ራሳቸው ብዙ አልቆዩም። በ2010 ከጃፓን ኩባንያዎች ለዓለም ገበያ የወጡት ዲጂታል ካሜራዎች 121 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ ከነዚህም እጅግ የሚበዙት የኪስ ካሜራዎች ናቸው። በ2023 ጠቅላላው ከ8 ሚሊዮን በታች ወረደ። የኪስ ካሜራውን ቦታ የወሰደው ባለ ካሜራ ስልክ ነው፤ የዲኤስኤልአሩን ቦታ ደግሞ በ2008 ፓናሶኒክ ጂ1ን ይዞ የተጀመረው፥ ሌንሱ የሚለወጥ መስተዋት የሌለው ካሜራ እየወረሰው መጣ። በሁለተኛ እጅ የሚሸጡት የዚያ ዘመን ዲኤስኤልአሮች ግን አሁን በዝቅተኛ ዋጋ ስለሚገኙ፥ ዛሬ ለጥናት የሚወጣ ተማሪ በኪሱ ካለው ስልክና በሱቁ ከሚያየው አሮጌ ዲኤስኤልአር መካከል መምረጡ አልቀረም።

የመሣሪያዎቹ ስም ተለውጧል፤ በበቅሎ በተጫነው ሣጥንና በእጅ በተያዘው ሌይካ መካከል የነበረው ጥያቄ ግን አልተለወጠም። ተማሪው ወደ ሱቅ ከመግባቱ በፊት ሊመልሰው የሚገባው፥ ጥናቱ የሚፈልገው የሚቆመውን ነገር ነው ወይስ የሚያልፈውን፥ የሚነሡትስ ሰዎች በምን ዓይነት መሣሪያ ፊት ራሳቸውን ሆነው ይገኛሉ የሚለውን ነው። ይህን አስቦ የመረጠ፥ የመረጠበትንም ምክንያት በማስታወሻው የጻፈ ተመራማሪ፥ በማንኛውም መሣሪያ ቢያነሣ ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው አንባቢ ምስሉን የሚመዝንበት ሚዛን አብሮ ይተውለታል።